የኦርዮ እራት

ባለፈው ማክሰኞ ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አንድ ሰው ሞት ይከራከሩ ነበር። ልጅቷ አልሞተም፣ ተመልሶ መጥቷል፣ እራት ሲበላ ታይቷል ትላለች። ልጁ ደግሞ ሞቷል፣ እራት ሲበላ የታየው መንታ ወንድሙ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ድምፃቸው እየጨመረ ሲሄድ ሹፌሩ ሬዲዮውን ሳይቀር ቀነሰላቸው። አጠገቤ የነበረች ዘንቢል ያቀፈች ሴት ብዙ ታግሣ በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካክላ ዞረችና፣ ሰው ለሞተ ሰው ይጸልያል እንጂ ታክሲ ውስጥ እንዲህ አይጨቃጨቅበትም ብላ መከረቻቸው፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁም አለቻቸው። ከዚያ ልጁ እንደማፈር ብሎ፣ ሰውየው የመጽሐፍ ሰው እንደሆነ፣ ኦርዮ የሚባል ጀልበኛ እንደሆነ ነገራት። ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እኔ ግን ስሙን ስሰማ መውረጃዬን አለፍኩ።

ያንን ስም ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ከአንድ ሰው አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም። እሱም ባለቤቴ አሰፋ ነው፤ ካረፈ አሥረኛ ወሩን ይዟል። ዞር አልኩና፣ ኦርዮ የሞተው በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ ነው፣ መቅዘፊያውን ኔላ እጅ ላይ ትቶ ነው የሰመጠው አልኳቸው። ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች። «እማማ፣ እርስዎም ቻናሉን ይከታተላሉ?» አለችኝ። የምን ቻናል እንደሆነ እንደማላውቅ፣ መጽሐፉን ያነበብኩት እናቷ ሳታገባ እንደሆነ ስነግራት «ሲርየስሊ? መጽሐፉን ራሱን?» ብላ የወንበሬን መደገፊያ ጨበጠች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አብረውኝ ወርደው፣ ያለፍኩትን መንገድ ቁልቁል እየሸኙኝ ሁሉንም ነገሩኝ። እሷ ቤዛ ትባላለች፣ እሱ ናቲ፤ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቤዛ «ሰባቱ ፋኖሶች»ን በየሳምንቱ አንድ አንድ ምዕራፍ በስልኳ እየቀዳች ትተርካለች፣ ሌላው አገር ምድሩ ይሰማል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይከራከራሉ። መጻሕፍቱን ከየት አገኘሻቸው ስላት፣ አያቷ እዚሁ ፈረንሳይ የነበረ የመጽሐፍ ኪራይ ኪዮስክ ሲዘጋ በጆንያ ከገዟቸው ውስጥ ናቸው አለችኝ። «ዳር ዳራቸው የተቆረጠ፣ ሦስት ሦስት ቦታ የተከፈሉ፣ በሲሚንቶ ከረጢት የተለበጡ ናቸው» አለች። የማን እጅ እንደሠራቸው አውቅ ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን ትምህርቴን ጨርሼ የአስተማሪነት ቅጥር ደብዳቤ እጠብቅ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያኔ ከዛሬው ይልቅ ቅጠል የበዛበት ሠፈር ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ጠዋት ጠዋት እስከ አልጋችን ይገባል። ወንዶቹ አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ቤልቦተማቸው የአቀበቱን አቧራ እየጠረገ ይወጣሉ። እኛ ጉርድ ቀሚስ በሹራብ ለብሰን፣ ክረምት ሲሆን ኮንጎ ጫማ እንጫማለን፤ ታኳችንን በፌስታል ይዘን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እንቀይራለን። ውይይት ታክሲዎች ከአራት ኪሎ ሰው ጠቅጥቀው ይመጡና ዳገቱ መሐል ሲደርሱ ይተነፍሳሉ፤ ወንዶቹ ወርደው ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ከላይ ሆነው ይስቁባቸዋል። ሙዚቃ ቤቱ ሸክላ ሲያጫውት መንገዱ ሁሉ ይሰማል፣ ከሙዚቃ ቤቱ ቀጥሎ ፓስቲ ጠባሿ፣ ከፓስቲ ጠባሿ ቀጥሎ የአቶ በላቸው ኪዮስክ። ኪዮስኩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። መጻሕፍቱ በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው እንደ ታጠበ ልብስ ይንጠለጠላሉ። ሙሉ መጽሐፍ በቀን ስሙኒ፣ የመጽሐፍ ሲሶ አሥር ሳንቲም።

ይህን የመጽሐፍ ሲሶ የሚባል ነገር የዛሬ ልጆች አያውቁትም። አቶ በላቸው ወፍራም መጽሐፍ ሲያገኙ በስል ቢላ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፣ ሦስቱንም ለየብቻ ያስጠርዛሉ፣ በሲሚንቶ ወረቀት ያስለብጣሉ። እንደዚያ ሲሆን አንድ መጽሐፍ በአንድ ቀን ሦስት ቤት ያድራል። ችግሩ የመጀመሪያው ሲሶ ሁልጊዜ ሰው እጅ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይ ውስጥ መጽሐፍ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው እምብዛም አልነበረም። መጨረሻውን ዛሬ፣ መሐሉን በሳምንቱ፣ መጀመሪያውን ዕድል ከቀናው በወሩ ያነባል። የጎደለውን ደግሞ ኪዮስኩ በር ላይ ቆሞ ከሌላው ይጠይቃል፤ ያኛውም ያላነበበውን ከራሱ ፈጥሮ ይሞላለታል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እዚያ በር ላይ የነበረውን ጫጫታ ያላየ ሰው፣ ሠፈሩ በሙሉ የመሬት ክርክር ያለበት ሊመስለው ይችላል። ጫማ ሰፊው አለ፣ ነርሷ አለች፣ የድጓ ተማሪ የሆነ ዲያቆን አለ፣ ከቄራ በእግሩ ሥጋ ተሸክሞ የሚመጣ ጎረምሳ ሳይቀር እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገብቶ ይከራከራል።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ እንደ «ሰባቱ ፋኖሶች» ያሳበደን አልነበረም። ከደመና በላይ ስላለ አንድ አገር ነው። ሰባት ፋኖሶች ጨለማን ከአገሩ ያርቃሉ፤ አንዱ በጠፋ ቁጥር አንድ በር ለጨለማው ይከፈታል። ኔላ የምትባል ልጅ የጠፉትን ልታበራ ትዞራለች፣ ኦርዮ የሚባል ጀልበኛ ሐይቅ ያሻግራታል። ደራሲው ስሙን በሁለት ፊደል ብቻ ነበር የሚያሳትመው። አራት ቅጽ ወጣ፣ አምስተኛው ሳይወጣ ቀረ፣ የሚጠየቅ ሰውም አልተገኘም። ግን እኛን እንቅልፍ የነሳን የአምስተኛው መቅረት አይደለም። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ኦርዮ ይሞታል፤ በረዶው ከሥሩ ተሰንጥቆ ይሰምጣል፣ ኔላ ታለቅሳለች፣ ሁላችንም አልቅሰናል። ሠላሳ ገጽ ያህል ካለፈ በኋላ ግን ድንገት፣ በተቆረጠ ዓረፍተ ነገር፣ ኦርዮ ምድጃ አጠገብ ሆኖ ባቄላ በጭልፋ እየጨለፈ ለኔላ እራት ያቀርብላታል። ይስቃል። ስለ ልጅነቱ ይነግራታል። እራቱ እንዳበቃ፣ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ኔላ ብቻዋን በበረዶ ውስጥ ትሄዳለች፣ ስለዚያ እራት አንድ ቃል የለም። ሌላም ነበረ። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ኔላ «ጎጆህ ውስጥ ያበላኸኝን እራት አልረሳውም» ትለዋለች፤ እኛ ደግሞ እዚያ ቅጽ ውስጥ እራት የሚባል ነገር አላየንም። በገጽ ቁጥር እንዳንቆጥር አቶ በላቸው ከአንባቢ ጣት የቆሸሸውን ዳር በየጊዜው ስለሚያስቆርጡ ቁጥሩ አብሮ ተቆርጧል። ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ሰባተኛው ፋኖስ ሙት ይመልሳል የሚሉ አንድ ወገን፣ መንታ ነው የሚሉ አንድ ወገን። ነርሷና ጫማ ሰፊው በዚህ ምክንያት ሰላምታ እስከማቋረጥ ደርሰው ነበር።

እኔ ሙት ይመልሳል ከሚሉት ዋነኛዋ ነበርኩ። በዚያው ዓመት አባቴ ሞቶ ጥቁር ለብሼ ነበር፤ ሦስት ወር ከቤት ሳልወጣ፣ ከሰው ሳልነጋገር ቆይቼ፣ እናቴ ገፍታ ነው ወደ ኪዮስኩ የላከችኝ። ያንን እራት ሳነብ ያደረገኝን ልናገር አልችልም። መጽሐፉን እንደያዝኩ ሮጬ ኪዮስኩ በር ላይ ቆምኩ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እየጮህኩ ተከራከርኩ። ፋኖሱ የበራበትን ቀን፣ ነፋሱ የዞረበትን፣ የባቄላውን ወቅት ሳይቀር በማስረጃነት አቀረብኩ። ዲያቆኑ «አንቺ ልጅ፣ ጠበቃ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ ወስፌ በኪሱ የያዘ ረጅም ልጅ ቆሞ ያየኝ ነበር። በሳምንቱ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ስሙ አሰፋ እንደሆነ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአቶ በላቸውን መጻሕፍት እንደሚጠርዝ ነገረኝ። የአንተ ወገን የትኛው ነው ስለው፣ አሰብ አድርጎ «እኔ የአንቺ ወገን ነኝ» አለ።

ከተጋባን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ አንድ የክረምት እሑድ ከሰዓት፣ የልጃችንን ደብተር እየሰፋ ብቻውን ይስቅ ጀመር። ምን ሆንክ ስለው አውጥቶ ነገረኝ። የመጀመሪያውን ቅጽና የሦስተኛውን ቅጽ ሲሶዎች በአንድ ቅዳሜ ነው የጠረዘው፤ ወረቀታቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ፣ ቁጥራቸው የተቆረጠ። አሥራ ስድስት ገጽ የያዘች አንዲት እጥፍ ከአንዱ ወጥታ ሌላው ውስጥ ገባች። እሱ ያወቀው በሳምንቱ፣ ሰው ስለ ኦርዮ መመለስ ሲጯጯህ ሲሰማ ነው። «ላስተካክል ወስፌዬን ይዤ መጥቼ ነበር» አለኝ። «በሩ ላይ በጥቁር ልብስሽ ቆመሽ ስትከራከሪ አየሁሽ። ወስፌውን ኪሴ መለስኩት።» ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በፊት፣ ስለማይሆን ነገር ስጮህ ዝም ብሎ ሰምቶኛል። በአራተኛው ቀን ሳየው ሳቄ መጣ፣ አብረን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ልመናው ቀጠለ። ነርሷ ብትሰማ፣ ጫማ ሰፊው ቢሰማ፣ በሠፈሩ መኖር አይቻለኝም አለ። «እስክሞት ድረስ አትንገሪብኝ» አለኝ። ማልኩለት። ጠብቄዋለሁም።

እነዚህ ልጆች ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ሊሰበሰቡ ነበር። አምስተኛው ቅጽ ስላልወጣ መጨረሻውን ራሳቸው ሊጽፉ፣ ቤዛም ሰኞ ልትቀዳው ቆርጠው ነበር። ቅዳሜ ድምፅ የሚሰጡበት ጉዳይ ኦርዮ ነበር፤ በሰባተኛው ፋኖስ ተመልሶ በሩን ይዘጋል ወይስ መንታው ይዘጋል። ቤዛ «እትዬ፣ በእናትዎ ይምጡልን» ብላኝ ነው የሄደችው። ሦስት ቀን ቤቱ ውስጥ ስንጎራደድ ቆየሁ። ዝም ብል ሁለቱም ወገን ተሳስቶ፣ ስሕተቱ ሲቀዳና ሲሰማ ይኖራል። ብናገር የአሰፋን መሐላ አፈረስኩ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መሐላውን ቃል በቃል ደግሜ ሳየው አልፈረሰም፤ እስክሞት ድረስ ነው ያለው። ይህ ሲገባኝ ነው የባሰ የከበደኝ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ሞተ ብሎኛል፣ ጡረታ ቢሮ በወረቀት ጽፈውልኛል፣ እኔ ግን በራሴ አፍ ለማንም አላልኩም ነበር። ሲጠይቁኝ «የለም» ነው የምለው፤ ሱቅ የሄደም የለም ይባላል። ቅዳሜን ፈራሁት። ቅዳሜ እስኪደርስም ቸኮልኩ፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ በመኪና ላድርስሽ ብትለኝ፣ ቢያንስ ታችኛውን አቀበት በእግሬ ካልወጣሁ አልኩ። እኛ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን እያሳለፍን የምንወጣበት ኮረኮንች ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ ባሕር ዛፉ ግን ሽታው ያው ነው። ፓርኩ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ አለ፣ ሙሽራ ፎቶ የሚያነሣ አለ፣ ማኪያቶ የሚጠጣ አለ። ቤዛና ናቲ ዛፎቹ ሥር፣ ከሠላሳ ከማያንሱ ወጣቶች ጋር ሣር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጉርድ ሾላ ከቢሮ ቅዳሜን ሰርቆ የመጣ አለ፣ መዝሙር ልምምድ ያላት አንዷ ቶሎ በሉ ትላለች። ክርክሩ ገና ሳልደርስ ይሰማኝ ነበር። አንዱ የነፋሱን አቅጣጫ ያነሣል፣ አንዷ የባቄላውን ወቅት። የባቄላውን ስሰማ ሣቅሁ፤ የራሴን ማስረጃ የሃያ ዓመት ልጅ እጇን እያወዛወዘች ታቀርባለች። ናቲ «ዝም በሉ እስቲ፣ መጽሐፉን ያነበቡት እትዬ አልማዝ መጥተዋል፤ ከማን ወገን እንደሆኑ እንጠይቃቸው» አለ። «ከእኔ ነዋ» አለች ቤዛ። «አንቺ ሁሉም ሰው ከአንቺ ነው የሚመስልሽ» አላት።

መጻሕፍቱን ስጡኝ አልኩ። ቤዛ ከቦርሳዋ አወጣቻቸው። የሲሚንቶው ወረቀት እንደ ቆዳ ለስልሷል። ጀርባቸውን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፤ ስፌቱ አንድም አልላላም፣ ቋጠሮው አሰፋ ሁልጊዜ ይቋጥር እንደነበረው ወደ ግራ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቅጽ ለናቲ፣ ሦስተኛውን ለቤዛ መለስኩና፣ ናቲ ኔላ ኦርዮ ጎጆ የደረሰችበትን ገጽ የመጨረሻ መሥመር እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።

«‹ልጅቷም እጇን ታጥባ›» አለ ናቲ፣ ገጹን ገለጠ። «ከዚያ ሐይቁ ላይ ናቸው። አራት ነጥብ እንኳ የለውም።»

ቤዛን፣ ሦስተኛው ቅጽ ላይ እራቱ የሚጀምርበትን የመጀመሪያ መሥመር አንብቢ አልኳት። ገጹን አገኘችና ቀላች። «እዚህ ጋ እኔ ‹ኔላም› የምትል ቃል ከራሴ ጨምሬ ነው የተረክሁት» አለች። «የተቀደደ ገጽ መስሎኝ።»

«ሳትጨምሪ አንብቢው።»

«‹ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።›»

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልጻፈው። አንዱ ተነሥቶ ራሱን ይዞ ዛፉን ዞረው። ሁለቱን መሥመሮች እያገናኙ ደጋግመው አነበቧቸው፤ እጇን ታጥባ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇን ታጥባ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ኔላ አልረሳውም ያለችው እራት ይኸው ነው እያሉ ተቃቀፉ። ናቲ ቀስ ብሎ «መንታውስ?» ሲል ሁሉም በሣቅ ወደቁበት። ሙሽራዋን የሚያነሣው ፎቶ አንሺ ሳይቀር ዞሮ አየን። እኔ የሠፈሩ ሁሉ ሣቅ የመጣ መሰለኝ፣ የነርሷም፣ የጫማ ሰፊውም፤ አሰፋ ያንን ሁሉ ዓመት የፈራው ሣቅ ይህ ከሆነ በከንቱ ነው የፈራው። ገጾቹን ማን እንዳቀያየራቸው ጠየቁኝ። ባለቤቴ እንደሆነ፣ ጠራዥ እንደነበር፣ ወስፌውን ለምን ኪሱ እንደመለሰ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንደኛዋ ልጅ ታዲያ ለምን ለማንም ሳይናገሩ ቆዩ አለችኝ።

«እስክሞት ድረስ አትንገሪብኝ ብሎኝ ነበር» አልኩ። «ሞተ።»

ቤዛ ወደ እኔ ተጠግታ ተቀመጠች። እሷ ከሁሉም በላይ የተመላሹ ወገን ናት፤ ሰኞ የምትቀዳው መጨረሻም በእሱ ላይ የተሠራ ነው። «እንግዲያው ኦርዮ አልተመለሰም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልተመለሰም።»

«እራቱስ?»

«እራቱማ እውነት ነው። በልተውታል። ከመሞቱ በፊት ነው እንጂ።»

የሰኞውን ቀረጻ ተዉት። መጨረሻው ይቆይ፣ በፊት መጀመሪያው ይስተካከል አሉ፤ ድምፅ ሳይሰጡ፣ ሳይጣሉ፣ ሁሉም በአንድ አፍ። ቤዛ ስልኳን አወጣችና እራቱን እኔ እንዳነበው ለመነችኝ። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ሳነብ ኖሬ እምቢ ማለት አላወቅበትም። መነጽሬን ጠረግሁ። ናቲ የመጀመሪያውን ቅጽ በቀኜ፣ ቤዛ ሦስተኛውን በግራዬ ዘርግተው ያዙልኝ፤ የመዝሙር ልምምድ ያላት ልጅ ሳትሄድ ቀርታ ሌሎቹን ዝም ታሰኛለች። ከናቲ እጅ «ልጅቷም እጇን ታጥባ» ብዬ አነበብኩና፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ወደ ቤዛ እጅ ዞርኩ።